ከነበረው ዛፍ ወደ ላይ

ቅጹ ላይ «አድራሻ» የሚል ባዶ መስመር ነበረ። መከራዬን ሁሉ ያየሁት በዚያች መስመር ነው።

ቅጹ የልጄ የዩባንካ ነው። ከተማ ያለው የነርሶች ትምህርት ቤት በየዓመቱ ከየወረዳው አንዲት ልጅ በነጻ ይወስዳል፤ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ነጭ ጫማ ሳይቀር ይሰጣል። ዩባንካ ፈተናውን አልፋለች። የቀረው ቅጹን ሞልቶ መላክ፣ ከዚያ አንዲት ጎብኚ መጥታ ቤታችንን እስክታይ መጠበቅ ነበር። ልጄ እስክሪብቶውን አንስታ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ሞላችው። አድራሻው ጋ ስትደርስ እጇን ያዝኳት።

«ይቺን እኔ እጽፋታለሁ።»

«እማ፣ በእስክሪብቶ ነው፤ አይጠፋም።»

«አይጥፋ!»

አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ በአውራ ጣቴ ስፈርም የኖርኩ ሴት ነኝ። የመምህር ካንዲዶ ተማሪ ከሆንኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ጎልማሶች በጸሎት ቤቱ በረንዳ ላይ፣ በሕፃናት ወንበር ተቀምጠን፣ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ እንማራለን። መምህር ካንዲዶ የእኔን ድክመት በአንድ ቃል ነው የሚናገሩት፦ «ዶሪላ ነጥብ አታከብርም።» እውነታቸውን ነው። ሳነብ ነጥቡ ጋ መቆም አይሆንልኝም። ከቆምኩ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ጥሎኝ የሚሄድ ይመስለኛል።

እናም ምላሴን በጥርሴ ይዤ ጻፍኩ፦

«ሴይባ ዛፉ ከነበረበት ሁለት መቶ ቫራ ወደ ላይ፣ የዶን ፌርሚን በቅሎ ከሞተችበት ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር።»

ቅዳሜ ወስጄ ለመምህር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አንዲት ስህተት የለበትም» አሉ። «ነጥቧም በቦታዋ አለች።»

ከዚያ ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡልኝና ተጨበጨበልኝ። ከአሥራ አንዳችን መሃል «ዛፉ እኮ የለም» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ለምን ይላል? ዛፉን አውሎ ነፋሱ ከነቀለው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የነበረበትን ቦታ የማያውቅ ግን የለም። በእኛ መንደር በሎማ ቹዌካ ሰው ቤቱን የሚያስረዳው በሌለ ነገር ነው፦ ዳቦ ቤቱ ከነበረበት፣ ወንድማማቾቹ ከተፈናከቱበት፣ ቄሱ ከፈረስ ከወደቁበት። ያለ ነገርማ ነገ ሊጠፋ ይችላል። የጠፋ ነገር ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ። ጎብኚዋ ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ መጥታ በስድስት ሰዓቱ ትመለሳለች። ቤቱን በዓይኗ ካላየች ፋይሉ ይዘጋል፤ ቦታውም በተራ ለምትከተለው ልጅ ይሰጣል። ደብዳቤውን ራሴ ነኝ ያነበብኩት። «ይዘጋል» የምትለው ቃል ጋ ስደርስ ነጥብ ሳይኖርም ቆምኩ።

ጎረቤቴ ቴልማ የዩባንካ ክርስትና እናት ናት፤ ያልተጠየቀችውን ሁሉ ታውቃለች። ወሬውን እንደሰማች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«አበልጄ፣ ድሃ መምሰል አለብሽ።»

«ድሃ ነኝ እኮ።»

«መሆንና መምሰል ይለያያል። መሆኑን ትችይበታለሽ፤ መምሰሉን ግን ማን አስተማረሽ? ያ አሳማ ምንድን ነው? ያንን ሆድ ያየች ሴት አንቺን ልትረዳ ቀርቶ ራሷ እንድትረጃት ትለምንሻለች።»

አሳማችን ጳጳሱ ይባላል። ስሙን ያወጣንለት በአካሄዱ ነው፦ ቀስ ብሎ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ ሰው መንገድ እንዲለቅለት እየጠበቀ። ረቡዕ ዕለት በገመድ ጎትተን ዶን ፌርሚን ግቢ አሰርነው። ሁለት ጊዜ እየዞረ አየኝ። እንደ ከዳሁት ገብቶታል።

ሐሙስ ማለዳ ቤቱን ጠረግሁ። ከጠረግሁ በኋላ በጣም ጸዳብኝ፤ «እነዚህ ምን ጎደላቸው?» ብትልስ? ትንሽ አቧራ መለስኩ። ከዚያ ደግሞ «ከዚህ ቆሻሻ ነርስ አትወጣም» ብትልስ ብዬ አቧራውን መልሼ ጠረግሁ። ዩባንካ ሩዝ በቦሎቄዋን እየበላች ታየኛለች።

በመጨረሻ ቅዱስ አንቶኒዮን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ቅዱስ አንቶኒዮ የጠፋ ፈላጊ ነው፤ ግን በደግ ቃል ሥራ አይሠራም። ዘቅዝቀው ካላቆሙት አይሰማም። የእንጨት ምስሉን በጨው ማሰሮው ውስጥ በጭንቅላቱ ተከልኩትና «ሴትዮዋ ቤቴን ካላገኘች እዚያው ትከርማለህ» አልኩት።

«እማ፣ ደሙ ወደ ጭንቅላቱ ወረደ» አለች ዩባንካ።

«ይውረድ። ያስብበት።»

የአውቶቡሱ ጥሩምባ በሁለት ሰዓት ተሰማ። ቀሚሴን አስተካክዬ በር ላይ ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ሴይባው ከነበረበት እስከ ቤቴ ሁለት መቶ ቫራ፣ ማለት ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነው፤ ዶሮ እንኳ እየለቀመች አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቴልማ እየተውረገረገች መጣች።

«ሴትዮሽን አየኋት! ጃንጥላ ይዛለች፣ የከተማ ጫማ አድርጋለች። ሴይባ ዛፉ የት ነው ብላ ጠየቀችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«የለም አልኳት።»

«ቴልማ!»

«ምን ልበላት፣ አለ ልበላት? ደግሞ የነበረበትን ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት። ባዶውን መሬት ትክ ብላ አይታ አመሰገነችኝ። የተማረች ናት።»

«ለምን ወደዚህ አላመጣሻትም?»

«ድሃ ምሰይ ብዬሽ፣ እኔ በዚህ አዲስ ቀሚስ አጅቤያት ልምጣ?»

ዩባንካን «ከቤት እንዳትወጪ» ብያት ሮጥኩ። ዛፉ የነበረበት ቦታ ላይ ማንም የለም። አጠገቡ ያለው ድልድይ ሥር ግን ዶን ፌርሚን እንደ ወትሯቸው ተቀምጠዋል። ድልድዩ ወንዝ የለውም። በአንድ ምርጫ ተጀምሮ በሌላ ምርጫ እስኪያልቅ ድረስ ወንዙ ሰልችቶት በሌላ በኩል ሄደ። ጥላው ግን ጥሩ ነው።

«ዶን ፌርሚን፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት አላዩም?»

«አየሁ እንጂ!» ዓይናቸው እንባ አዝሏል። «በቅሎዎ የት ሞተች ብላ ጠየቀችኝ። ልጄ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ በቅሎዬ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው!»

«ቦታውን አሳዩዋት?»

«ከመወለዷ ጀምሬ አጫወትኳት።»

«ኧረ ዶን ፌርሚን!»

«ሞቷ ጋ ልንደርስ ስንል ሰዓቷን አየች። ‹ወደ ላይ በየት ነው?› አለችኝ። ወደ ላይማ ወደ ላይ ነው አልኳት። ተነስታ ሄደች።»

«በየት በኩል?»

ዶን ፌርሚን ከንፈራቸውን አሹለው ወደ መስቀሉ ኮረብታ ጠቆሙኝ። «በታች በኩል።»

«ወደ ላይ ብለዋት፣ ወደ ታች ስትሄድ ዝም ብለው አዩዋት?»

«የተማረች ናት፤ ምክንያት ይኖራታል ብዬ ነዋ።»

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። እኛ ዘንድ ላይ ማለት ፀሐይ የምትወጣበት ነው፣ ታች ማለት የምትገባበት። ዳገትና ቁልቁለት እዚህ ውስጥ አያገባቸውም። የመስቀሉ ኮረብታ በፀሐይ መግቢያ በኩል ስለሆነ ኮረብታውን የሚወጣ ሰው ወደ ታች ነው የሚሄደው። ይህ ለማንም ግልጽ ነው። ጎብኚዋ ግን፣ በኋላ እንደገባኝ፣ የባሕር ጠረፍ አገር ሰው ናት፤ እዚያ ላይ ሲባል ዳገት ነው የሚታያቸው። በገዛ እጄ የጻፍኩት፣ ያስጨበጨበልኝ፣ ነጥብ ያለው አድራሻ የልጄን ዕድል ገደል አፋፍ ላይ አውጥቶታል።

«ጳጳሱስ ደህና ነው?» አልኩ ልሮጥ ስል።

«ገመዱን በልቶ ሄደ።»

«ወዴት?»

«እሱማ አልነገረኝም።»

ኮረብታውን መውጣት ጀመርኩ። መንገዱ ግማሽ ላይ ሁለት ክብ ድንጋዮች ተጣብቀው ቆመዋል። ካርታ ላይ ምን እንደሚባሉ አላውቅም፤ እኛ የቄሱ ቂጥ እንላቸዋለን። የሚወጣ ሰው ዕድል እንዲቀናው መታ መታ ያደርጋቸዋል። ያን ቀን በጥፊ አጮልኳቸው።

ኮረብታው አናት ላይ መስቀሉ አለ። ድሮ ሰው እዚያ የሚወጣው ለጸሎት ነበር፤ አሁን ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ ስለሆነ ለስልክ ነው። ከመስቀሉ አጠገብ ደግሞ የመንደሩ ምርጥ ቤት ቆሟል። የተላገ እንጨት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባለ መጋረጃ መስኮት፣ ከደጁ የአበባ ጣሳ። ጳጳስ፣ እውነተኛው ጳጳስ፣ ለመስቀል በዓል ይመጣሉ ተብሎ ኮሚቴው የሠራላቸው ሽንት ቤት ነው። እሳቸው ግን አልመጡም። በሩ ሰማያዊ ነው። ቀለሙም የእኔ ነው፤ በሬን ቀብቼ የተረፈኝን ለበዓሉ የለገስኩት። የእኔ በር ፀሐይ በልቶት ዛሬ ግራጫ ሆኗል፤ የጳጳሱ ግን በጥላ ስላለ እንደ አዲስ ያበራል።

ጎብኚዋ በሩ ፊት ለፊት ቆማለች። ጃንጥላዋን ብብቷ ውስጥ ከትታ ወረቀት ትሞላለች።

«በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?» አለች ለበሩ።

«አንድ!» አለ ከውስጥ የታፈነ የወንድ ድምፅ። «ስንት እንዲገባ ነው የፈለግሽው?»

«ውሃ አለ?»

«መቼ ኖሮ ያውቃል!»

«ስንት ክፍል ነው?»

«ሴትዮ፣ እባክሽ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ!»

«ይቅርታ፣ ጊዜ የለኝም፤ አውቶቡሱ በስድስት ሰዓት ይሄዳል። ጣሪያው ያፈሳል?»

ከዚያ ድምፁ ተሸነፈ። «በዝናብ ጊዜ።»

ድምፁን ለየሁት። መምህር ካንዲዶ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ እህታቸው ጋ ሊደውሉ ይወጣሉ፤ ዳገቱ ደግሞ ሁልጊዜ ሆዳቸውን ያውከዋል።

«ሴኞሪታ» አልኩ እያለከለኩ፣ «የዩባንካ እናት ነኝ።»

ፊቷ በራ። ደረቷ ላይ «ሸርሊን ሆጅሰን» የሚል ስም ተለጥፏል። «እንኳን መጡ! አባትየው በር አልከፍትም ብለውኝ ነበር። ግድ የለም፣ ጨርሻለሁ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። በአውራ ጣት ዘመኔ ቢሆን ፈርሜ ነበር። አሁን ግን ዓይኔ አልታዘዝ አለኝ፤ ማንበብ ጀመረ። ነዋሪ፦ አንድ፣ ወንድ፣ ቁጡ። ክፍል፦ አንድ፣ ጠባብ። ውሃ፦ የለም። ጣሪያ፦ ያፈሳል። አጠቃላይ ሁኔታ፦ እጅግ አሳሳቢ።

የቴልማ ምክር ትዝ አለኝ። በመላ አገሪቱ ከዚህ የባሰ ድሃ ቤት አይገኝም። አንዲት ፊርማ ናት። ልጄ ነጩን ጫማ አድርጋ ታየችኝ። አውቶቡሱ ሊሄድ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ቤቴ ደግሞ ሩቅ ነው። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ «ነዋሪ፦ አንድ» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። አሥራ ስምንት ዓመት ያሳደግኳት ልጅ እዚያ ወረቀት ላይ የለችም።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ምነው?»

«ይሄ ቤቴ አይደለም። ሽንት ቤት ነው።»

ሸርሊን በሩን አየች። መጋረጃውን አየች። የአበባውን ጣሳ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

«ታዲያ ውስጥ ያሉት ማን ናቸው?»

«መምህሬ ናቸው።»

«ደህና ዋልሽ» አሉ መምህር ከውስጥ።

«ፈጣሪዬ!» አለች ሸርሊን፤ አፏን በወረቀቱ ሸፈነች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አቃተኝ። ከዚያ ሰዓቷን አየችና ፊቷ ጠቆረ። «ከዚህ ወደ ቤትዎ፣ ከቤትዎ ወደ አውቶቡሱ... አንደርስም እኮ። ሳላየው ደግሞ አየሁ ብዬ አልጽፍም።»

«እኔም አይጻፉ ነው የምለው» አልኩ።

«ዶሪላ» አሉ መምህር ከበሩ ጀርባ፣ «የአውቶቡሱ ሹፌር ኤቨርት ተማሪዬ ነበር፤ የእሱ ስልክ በአውቶቡሱ አንቴና ይሠራል። ቆዪ ልደውልለት።» ስልኩ ሲጮህ ሰማን። «ኤቨርት፣ እንዳትንቀሳቀስ! አንዲት ተሳፋሪ ትመጣለች... እኔ ማን ነኝ? መምህርህ ነኛ! ሦስተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ያስደገምኩህ!... የት ነኝ? ቢሮ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ጠብቅ።»

መሮጥ ጀመርን። ሸርሊን ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች።

«አሁን እየወጣን ነው እየወረድን?» አለች የቄሱ ቂጥ ጋ ስንደርስ።

«እየወጣን ነው። ይጠንቀቁ፣ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል።»

ከዚያ በኋላ አቅጣጫ አልጠየቀችኝም።

ቤት ስንደርስ ጳጳሱ ደጃፉ ላይ በሙሉ ክብሩ ተጋድሟል። የበላው ገመድ ትራፊ አንገቱ ላይ አለ። ዩባንካ ከኋላው ቆማ እጆቿን ዘረጋች፤ ላስነሳው ብል እምቢ አለኝ ማለቷ ነው።

«የቤት እንስሳ አላችሁ?» አለች ሸርሊን።

አፌን ከፈትኩ። ጳጳሱ አንኮራፋ።

«አንድ» አልኩ። «ጳጳሱ ይባላል።»

ጻፈችው። በእሱ ላይ ተራምደን ገባን። ወለሉን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ ሦስታችን የምንተኛበትን አየች፤ ሦስተኛዋ እናቴ ናት፣ ያን ቀን ለቅሶ ሄዳለች። ሁሉንም ስትጽፍ እኔ አቧራው በዛ ወይስ አነሰ እያልኩ እጨነቃለሁ። ከዚያ ዓይኗ የጨው ማሰሮው ላይ ቆመ። ሁለት የእንጨት እግሮች ወደ ሰማይ ተሰቅለዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅዱስ አንቶኒዮ ነው። እርስዎን እየፈለገ ነው።»

ሸርሊን ቅዱሱን በእግሩ ይዛ አወጣችው። ጢሙ ላይ ያለውን ጨው አራገፈችና ቀና አድርጋ አቆመችው። «በቃው፣ ተገኘሁ» አለች። ወደ ልጄ ዞረች። «አንድ ጥያቄ ብቻ። ለምን ነርስ?»

ዩባንካ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እዚህ የታመመ ሰው ቤቱን ለውጭ ሰው ማስረዳት አይችልም። ቤቱን የምታውቅ ነርስ ያስፈልገዋል።»

ሸርሊን ላብ ያራሰውን ፊቷን በክንዷ ጠረገች፤ ባዶ እግሮቿን አየች። «እውነትሽን ነው» አለች። የሽንት ቤቱን መልሶች አንድ በአንድ ሰርዛ የእኛን ከላይ ጻፈች። አንብቤ፣ እያንዳንዷን ቃል አንብቤ፣ ፈረምኩ። ከሩቅ ኤቨርት ጥሩምባውን ሲያስጮኸው ጳጳሱን ዘላ ሄደች።

ከዚያ ሰባት ሳምንት ጠበቅን። በሰባቱ ሳምንት ውስጥ ቅዱስ አንቶኒዮን አራት ጊዜ ዘቀዘቅኩት፤ አራት ጊዜም ዩባንካ አቀናችው። በስምንተኛው ሳምንት ሐሙስ ቴልማ ከመንገዱ ማዶ ጮኸች።

«አበልጄ! ሽንት ቤት ደብዳቤ መጥቶልሻል!»

ለካ ሸርሊን መልሶቹን ስትሰርዝ አድራሻውን ረስታዋለች። ኮረብታው ላይ ስትደርስ የኔን ጽሑፍ «አስተካክላ» የጻፈችው፣ «ኮረብታው አናት፣ መስቀሉ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር» የሚለው እንዳለ ነው። ደብዳቤ የሚያመላልሰው ኤቨርት ደግሞ ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረ ሰው ነው፤ የተጻፈውን ያነባል፣ ያነበበውን ያደርሳል።

ኮረብታውን እንዴት እንደ ወጣሁት አላውቅም። ፖስታው በሰማያዊው በር ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቷል። ስሜ አለበት። መዳፌን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ አወጣሁትና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ ድምፅ።

«እኔ ነኝ መምህር። ዶሪላ።»

«ስገባ አየሁት። ያንቺ ስለሆነ አልነካሁትም። በይ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ እኔም ልስማ።»

ቀደድኩት። ጣቴን ከቃል ቃል እያስኬድኩ አነበብኩ። «ለወይዘሮ ዶሪላ... ልጅዎን ዩባንካን... በዚህ ዓመት... ከሚገቡት ተማሪዎች... አንዷ አድርገን... መቀበላችንን...»

«ቀስ በይ! አትጣደፊ። ነጥቡ ጋ ቁሚ።»

ነጥቡ ጋ አልቆምኩም። ደብዳቤውን እንደ ያዝኩ፣ መምህሬን እዚያው ትቻቸው፣ ቁልቁለቱን ወደ ላይ ሮጥኩ።